ይርዳው ያላየው ሙከራ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኮምፒዩተሯን እየነካካች ስታማርር ሰማኋት። በአንድ ማሽን ላይ ሌላ ሥርዓት በእንግድነት ጭናለች፤ እንግዳው አርፎ በነቃ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ እየቀረ አስቸግሯታል። «የራሱን ሰዓት እንዳያምን፤ ሲነቃ መጀመሪያ ጌታውን ይጠይቅ» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝ። አባቷ የሚያውቀው የጡረታ ወረፋና የአሳ ዋጋ ብቻ ይመስላት ነበር። ከየት ተማርኸው ስትለኝ ሻዬን ጨልጬ ወጣሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ይርዳው ባሕር ዳር አንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ የምንኖረውም በአንድ ክፍል ነው። ይርዳው የዱርቤቴ ቄስ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሲያስብ ጥፍሩን የሚበላ ሰው ነበር። ምሥራቅ አውሮፓ ኮምፒዩተር ተምሮ ሲመለስ ኮምፒዩተር በሌለበት ከተማ ሒሳብ እንዲያስተምር መደቡት። አመዳደባችን እንዲያ ነበር፤ ዋናተኛ ሲገኝ ተራራ ላይ ይሰቀላል። የቀድሞ መምህሩ ግን የጀመረው ፕሮግራም በእውነተኛ ማሽን ላይ ከሠራ ተመልሶ ትምህርቱን እንደሚቀጥል ቃል ገብተውለታል። የሚያኖረው ይህ ተስፋ ነበር።

ነገሩን እንዲህ ነበር ያስረዳኝ። በትልልቅ ማሽኖች ላይ አንድ ጌታ ፕሮግራም አለ፤ በሥሩ ብዙ እንግዶች ያድራሉ፤ እያንዳንዱ ግን ቤቱ የራሱ ብቻ ይመስለዋል። ጌታው ድንገት ይጠራዋል፤ ኢንተራፕት ይሉታል። እንግዳው የያዘውን ትቶ፣ የት እንደደረሰ መዝግቦ፣ ጥሪውን ፈጽሞ ካቆመበት መቀጠል አለበት። ይርዳው የሚጽፈው ይህን የሚያደርገውን የእንግዳውን ክፍል ነበር። ማሽን ስለሌለን በቃላችን እናስኬደዋለን። መስከረም ላይ ጣና ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ዳሩ ካለው ዋርካ ሥር የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ በዳቦ እየበላን፣ እኔ ጌታ እሱ እንግዳ እንሆናለን። መስመር በመስመር እያነበበ ሳለ የለስላሳ ጠርሙስ አንኳኳለሁ፤ ንባቡን ያቆምና የደረሰበትን ይጽፋል። አንዳንዴ ሆን ብዬ አሳው አፉ ጋ ሲደርስ አንኳኳበታለሁ። እየሳቀ አሳውን አስቀምጦ ይጽፋል እንጂ ሕጉን አያፈርስም። ከቁንዝላ የመጡ ባለታንኳዎች ቆመው ያዩንና ጠበል ይሻላችሁ ነበር እያሉ ያልፋሉ።

የሰዓቱ ነገር ግን አላላውስ አለን። ጌታው እንግዳውን አስተኝቶ ወደ ሌላው ሲዞር የእንግዳው ሰዓት ይቆማል፤ ሲነቃ ዓለም ቆማ የጠበቀችው ይመስለዋል። ይርዳው ይህን እስኪፈታ በሩን ዘጋ። የቀበሌው የውይይት ስብሰባ ሲጠራ ተው፣ እንሂድ ብዬ ለመንሁት። ትንሽ ነው የቀረኝ አለኝና ቀረ። ያን ዕለት መፍትሔውን አገኘው፤ እንግዳው ሲነቃ ሰዓቱን መጀመሪያ ጌታውን ይጠይቅ።

አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት እሑድ ማሽኑን ሊያውሰን ተስማማ። ያኔ ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም። የቀበሌው ሊቀመንበር የኔ ላይ ማኅተሙን መታና ወደ ይርዳው ዞረ።

«ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ ሲጠራህ የት ነበርህ?»

«ሥራ ላይ ነበርሁ።»

«እንግዲያው ሥራህ ላይ ቆይ።»

ፕሮግራሙ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ይዤ ብቻዬን ሄድሁ። ፕሮግራሙ ጥሪውን ሁሉ ተቀበለ፤ ተኝቶ ሲነቃም ሰዓቱ ልክ ሆነ። የማሽኑ ሠራተኛ ማን ጻፈው ብሎ ሲጠይቀኝ በኩራት ስሙን ነገርሁት። አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ሲወርድ እንዴት አድርጌ እንደማበስረው ሳስብ ሙቀቱ እንኳ አልተሰማኝም።

ክፍላችን ባዶ ነበር። አከራያችን እማማ ጥሩነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ቀበሌው የወታደር ኮታ ጎድሎበት ስለነበር ስብሰባ የቀሩትን አፍሶ ሞልቶታል። «ትንሽ ታገሡኝ፣ የምጽፋት አለችኝ ቢላቸው፣ መች ሰሙት ልጄ» አሉኝ።

ውጤቱን ለመምህሩ ላክሁላቸው። ቶሎ ይምጣ ብለው ሲመልሱ ይርዳው ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ከዚያ አልተመለሰም። መርዶው በመጣ ጊዜ ዱርቤቴ ወርጄ አባቱ ፊት ተቀመጥሁ። ቄሱ ብዙ አላለቀሱም።

«ያ ሲደክምበት የነበረው ነገር ሆነለት?»

«ሆነ፣ አባ።»

«መሆኑን ሰምቷል?»

አልሰማም አልኋቸው። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሊቀመንበሩ ዛሬም እዚሁ ከተማ አለ። ከዘራ ይዟል፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ይለዋል። በቀደም ልቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀመጥን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናው ሲያወራኝ ቆየና፣ «ያ አብሮህ ይኖር የነበረው ቀጭን ልጅ ውጭ አገር ቀረ አይደል?» አለኝ። ፊቱን አየሁት፤ እያሾፈ አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋው ግን አፈር ለብሷል። ሰው ሟቹን እያለቀሰ ስለነበር «አዎ፣ ቀረ» አልሁት። እሱም «ጎበዝ ልጅ ነበር፤ እንኳን ቀናው» ብሎ ንፍሮውን መቆርጠም ቀጠለ።