ሙሽራዋን ያስጠበቀችው የረገንስዶርፍ ፖሊስ

ከራሴ ልጀምር፤ ሌላ ሰው ቢጀምረው ያሳንሰዋል። ጀርመንኛ ማንም አላስተማረኝም። እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ዲቲኮን የሚባል ከተማ መጋዘን ስሠራ ሰዎች ባቡር ላይ ጥለውት የሚወርዱትን ጋዜጣ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። ፈረንሳይኛውን ከሬዲዮ ለቀምኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ በምኖርበት ረገንስዶርፍ፣ ቢሮ ጉዳይ ያለው ሐበሻ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነው።

የማወራችሁ የዛሬ ሦስት ዓመት ከፋሲካ በኋላ የሆነውን ነው። የማልረሳው በጡረታዬ ሥራ ያገኘሁበት ቀን ስለሆነ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ቤዛ የምትዳረው ለጄኔቫ ልጅ ነበር። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ሲደርሱ በሽማግሌነቴ ወርጄ ተቀበልኳቸው፤ አብሬያቸውም ወጣሁ። እንደ ደንባችን የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ቆልፈው አናስገባም እያሉ ይዘፍናሉ። ሚዜዎቹ በትከሻቸው ይገፋሉ። ቤዛ እናቷን አቅፋ ስታለቅስ ውጭ ድረስ ይሰማል።

ከታች ያለ ጎረቤት ይህን ሰምቶ ፖሊስ ጠራ።

አንዲት ፖሊስ ከባልደረባዋ ጋር መጣች። ያየችው ሱፍ የለበሱ ጎረምሶች በር ሲገፉ ነው፤ የሰማችው የሴት ለቅሶ። እሷ በጀርመንኛ ትጠይቃለች፣ የጄኔቫዎቹ በፈረንሳይኛ ይመልሳሉ። እኔ መሐል ገብቼ ሠርግ ነው ብላትም፣ ልጅቷን ብቻዋን ሳላናግር ማንም ከዚህ አይሄድም አለች። መጠየቋ ትክክል ነው፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ቄሱ እየጠበቁ ነበር።

በሩን መታችና ፖሊስ ነኝ አለች። ውስጥ ያሉት የሚዜዎቹ ተንኮል መስሏቸው ዘፈኑን አደመቁት። እኔ ተጠግቼ፣ የእውነት ፖሊስ ናት፣ ክፈቱ አልኩ።

"ጋሼ፣ እርስዎንም ገዙዎት?" አለችኝ አንዷ። ሁሉም ሳቁ።

ያን ጊዜ ጭንቅላቴ ሠራ። ጥርት ባለ ጀርመንኛ፣ ይህ በር የሚከፈተው በጉልበት ሳይሆን በሽቶ ነው አልኳት ፖሊሷን። ከዋናው ሚዜ ሽቶውን ተቀብዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ትንሽ አየችኝና ጎንበስ ብላ በበሩ ሥር ረጨች። በሩ ገርበብ አለ። ሴቶቹ ሙሽራውን ሲጠብቁ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት ሽቶ ይዛ ቆማለች። ዘፈኑ ቀጥ አለ።

ፖሊሷ ቤዛን መኝታ ቤት ይዛት ገባች። ሙሽራው ላቡን ይጠርጋል። ሲወጡ ሁለቱም እየሳቁ ነበር።

"የማለቅሰው እማዬን ትቼ ስለምሄድ ነው፣ እሱንማ ራሴ ነኝ የመረጥኩት አልኳት" አለች ቤዛ። እልልታው ቤቱን ነቀነቀው። ቄሱም ጋ ደረስን።

ፖሊሷ ግን ስልክ ቁጥሬን ሳትወስድ አልሄደችም። ብዙም ሳይቆይ ጣቢያ ተጠርቼ የፖሊስና የሐበሻው አገናኝ ሆንኩ። ፈተና አልፈተኑኝም፤ በሩ ላይ ተፈትኛለሁ።

ዛሬም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ፣ እኮራለሁም። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ያለበት ቤት አስቀድሞ ጎረቤቱን እንዲጋብዝ አስለመድኩ። የለቅሶ ጩኸት ጠብ እንዳልሆነ ለፖሊሶቹ አስረዳሁ። ፖሊስ ሲያይ መንገድ ይቀይር የነበረውን ወገኔን በእግሩ ጣቢያ ሄዶ አቤት እንዲል አደረግኩ። ጄኔቫ ተጋብዤ ፕላንፓሌ የሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ በፈረንሳይኛ ንግግር አደረግኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ዘንድሮ የቤዛ እህት ስትዳር ደግሞ ፖሊሷ ተጋብዛ ከሴቶቹ ጋር በሩን ያዘች። ሙሽራውን ይዤ የመጣሁት እኔ ነበርኩ።

"ጋሼ፣ ያለ ሽቶ አይገቡም" አለችኝ በአማርኛ።

እሱንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።