ሰቆጣ የቀረው ጊታሬ

ጊታሬን የቀማኝ ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ኃይሌ ነው፤ በ1947 ዓ.ም.፣ በእናታችን ተዝካር ማግስት። ልብስ እየሰፋሁ ከምኖርበት ከአሥመራ ሰቆጣ ይዤው መጥቼ ነበር። «ካህን ቤት የአዝማሪ ዕቃ አይገባም» ብሎ ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ኋላም ኑሮዬን ወደ ደሴ አዛወርኩ። በ1962 ጥር ላይ ጊታሬን ላስመልስ ተነሣሁ።

አዲስ አትገዢም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ደሴ ሱቅ ውስጥ አንዱን አስወርጄ ሞክሬአለሁ። ያብረቀርቃል፣ ለጣትም ይለሰልሳል፤ ድምፁ ግን ከእጄ ሳይርቅ ያልቃል። የእኔው የብረት ክር ጣቴን ካነሣሁ በኋላም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሆዴን የተደገፈው እንጨትም አብሮት ይርገበገባል። ያንን ሆዴ አልረሳውም።

ከኮረም ወዲያ

እስከ ኮረም በአውቶቡስ፣ ከዚያ ሦስት ቀን በበቅሎ ነው። ባለበቅሎው ኪሮስ የሚባል የዋግ አገው ነው። የጫንኩትን ወፍራም ብርድ ልብስ አየና «እማማ፣ ይህ ለማን ነው?» አለኝ።

«ለጊታር። ስድስት የብረት ክር ያለው ክራር በለው።»

«ክራር ይበርደዋል እንዴ? እንግዲያ ስንመለስ እሱ በበቅሎ፣ እርስዎ በእግር!»

አልሳቅኩለትም። ቁልቋል የበዛበትን ቁልቁለት ወርደን ወንዝ ዳር በሶ በጠበጥን። እሱ ያወራል፤ እኔ ጣቶቼን ጉልበቴ ላይ አለማምዳለሁ።

ሰቆጣ

ወንድሜ አርጅቷል። ወንድሜ አላልኩትም።

«መሪጌታ፣ ዕቃዬን ልወስድ መጣሁ።»

«ቆየሽ» አለኝ። በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለውን ከሣጥኑ አወጣው። የጊታሩ ፊት ከጎኑ ተነቅሎ እንደ ልጥ ተጣሟል።

«ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? ዐቢይ ጾም ሲገባ በገናዬን ሳሞቅ እሱንም አሞቀው ነበር። ድምፁ እንዳይረግብ ብዬ።»

የበገና ፊት ቆዳ ስለሆነ እሳት ሲያገኝ ይወጠራል። የጊታር ፊት ግን በሙጫ የተያዘ እንጨት ነው። ሙጫው ሲለቅ የተወጠረው ብረት ነቅሎታል።

«እንጨት በእሳት ይሞቃል?»

«እኔ ምን አውቄ። አላስተማርሽኝ።»

«ቆልፈውበት ሲያበቁ ማን ያስተምርዎት?»

ጊታሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «እስቲ አንዴ ምቺልኝ» አለ። መታሁት፤ እንደ ቆርቆሮ ተንኮሻኮሸ።

«እሱ አይደለም» አለ። «ያኔ ከጓሮ ስትመቺው የሰማሁት ሌላ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

በብርድ ልብሱ ጠቅልዬው ወጣሁ።

ደሴ

ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ጠልቶት የቀማኝ ይመስለኝ የነበረውን ድምፅ፣ ለካ እሱም ሲናፍቀው ኖሯል። ይህን ማወቄ ቂሜን አላወጣልኝም፤ አክብዶታል እንጂ።

አናጺ የጊታሩን ፊት መልሶ አጣበቀው። ድምፁ በከፊል ተመልሷል። ከፋሲካ በኋላ ወንድሜ ጊታሩ ተጠግኖ እንደሆን በሰው አስጠየቀኝ። አልመለስኩለትም።