ስታንዳርዱ ይበቃል

እኔ የእቃ ክፍል ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብሎን ሲቆጥርና ካቴና ሲሰቅል የኖረ ሽማግሌ ስለ ሰው ሕይወት ምን ያወራል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን የሚዛንን ነገር ከሥሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከሥሩ ሳያውቁ የሚያወሩትን ስሰማ ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ሻጫችንን ሚዛን ያልናት እኛ ነን፣ የብስክሌት ሱቁ ሰዎች። ደንበኛ ገና በር ላይ እንደቆመ ክብደቱን ታውቃለች። ከንፈሯን ሳታላቅቅ "ሰባ ስምንት" ትለኛለች፤ ሰውዬው መሬት ያለው ሚዛን ላይ ሲቆም ሰባ ስምንት። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁን ሰው ፊት "ዘጠና ሦስት" ብላው አንድ ሳምንት አኩርፏት ከርሟል። ሰማኒያ ስምንት ነኝ ሲል ነበር የኖረው።

የምንሸጠው ተራራ የሚወጣ ባለ ሞተር ብስክሌት ነው። እናንተ ፔዳል ትመታላችሁ፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ያግዛችኋል። ሁለት ሞዴል አለን። አንደኛው ረጅም፣ ከባድ፣ ድንጋይ የማይፈራ ነው፤ እኛ "ጎሽ" እንለዋለን። ሁለተኛው ዝቅ ያለ፣ ኩርባ ላይ ቀልጣፋ፤ እሱን "ሚዳቋ" እንለዋለን። የሁለቱም ሞተር አንድ ነው። ከዚያ እያንዳንዳቸው ሦስት ደረጃ አላቸው፦ ስታንዳርድ፣ መካከለኛ፣ ፉል ኦፕሽን። ደረጃው ከፍ ሲል ባትሪው ይተልቃል፣ ፍሬኑ ይጠነክራል፣ የፊት ጎማውን ንዝረት የሚውጠው አሞርዛተር ይወፍራል። ሰው የሚሰቃየው እዚህ ላይ ነው። ሚስቱን ሲያጭ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቀም የምለው ስንት ወንድ አይቻለሁ።

ሚዛን ግን አታሰቃይም ነበር። የት ትሄዳለህ፣ ምን ተሸክመህ፣ መንገዱ ላይ ብስክሌቱን ማንሳት ይኖርብሃል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ሰውዬውን ከነሸክሙ ኮርቻው ላይ ታስቀምጥና ጎንበስ ብላ ቀለበቷን ታያለች።

ይህችን ቀለበት ሳላስረዳችሁ አላልፍም። በአሞርዛተሩ ቀጭን ብረት ላይ አንዲት ጥቁር የጎማ ቀለበት አለች። ብስክሌቱ ፊቱን ሲመታ አሞርዛተሩ ወደ ውስጥ ይገባና ቀለበቷን ወደ ላይ ይገፋታል። እሱ ተመልሶ ሲዘረጋ እሷ የተገፋችበት ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ከተራራ የወረደን ብስክሌት ምን እንዳገኘው ቀለበቷ ትናገራለች። መሃል አካባቢ ከቆመች ደህና ነው። ጫፍ ከደረሰች አሞርዛተሩ አቅሙን ሁሉ ጨርሷል፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ምት የተቀበለው ሰውዬው ራሱ ነው ማለት ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መጣ። ሥራው ከተራራው ጫፍ ካለው የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን እስከ ታች የተዘረጋውን የቧንቧ መስመር በሳምንት ሦስት ቀን መፈተሽ ነበር። ትልቅ ሰው፣ ሳቂታ፣ ትከሻው ላይ የመሣሪያ ቦርሳ የማይለየው። የውሃው ሰው አልነው። ሁለቱን ሞዴል፣ ስድስቱንም ብስክሌት እየዞረ ግራ ገባው፤ አንዴ ፉል ኦፕሽኑን ይነካል፣ አንዴ ወደ ስታንዳርዱ ይመለሳል። ሚዛን ሳቀችበትና "ሞተሩ አንድ ነው፣ የቀረው ጌጥ ነው። ስታንዳርዱ ይበቃሃል" አለችው። ሚዳቋ ስታንዳርድ ገዝቶ እያፏጨ ሄደ።

በገዛ በስምንተኛው ወር፣ ዝናብ የጣለ ቀን፣ ሲወርድ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ወደቀና ሞተ። ያየው ሰው የለም። ፍጥነት ነው ያለ ነበር፣ ድንጋይ ነው ያለ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሚስቱ ብስክሌቱን አስጭና አመጣችው። ቤት ውስጥ ሳየው አልቻልኩም፣ እናንተ ጋ ይቀመጥ ብላ እኔ ክፍል አስገባችው። ጥግ ላይ ሰቅዬ ጨርቅ አለበስኩት።

ሚዛን የጨርቁን ጫፍ ከፊት በኩል ገልጣ አየች። ቀለበቷ ጫፍ ነበረች፣ አንድ ጣት እንኳ አልቀራትም። ፊቷ አመድ መሰለ፣ ጨርቁን መለሰችና ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛን የድሮዋ ሚዛን አልሆነችም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሯ በፊት እኔ ክፍል ትገባለች፣ ያችኑ የጨርቅ ጫፍ ትገልጣለች፣ ታያለች፣ ትመልሳለች። አራት ዓመት! አንድ ጊዜ ተቆጥቼ ልጥለው ነው ብላት ዓይኗን ሳታነሳ "ጋሼ፣ ከጣልከው እሱ የት ሄዶ ያገኘኛል?" አለችኝ። በሕልሟ ይመጣል ለካ። ቦርሳውን ተሸክሞ ሱቁ በር ላይ ይቆምና "የትኛውን ልግዛ?" ይላታል። እሷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ድምፅ አይወጣትም።

ምክር መስጠትም ተወች። ለመጣው ሁሉ፣ ለአስተማሪውም፣ ሰፈር ውስጥ ዳቦ ለሚያደርሰውም፣ ጎሽ ፉል ኦፕሽን ትሸጣለች። ሥራ አስኪያጁ በደስታ ሰከረ፣ የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ ብሎ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሰው ፈርቶ ሲሸጥ ጎበዝ ይባላል፣ ይገርማል። እሷ በፎቶው ሥር ስታልፍ አንገቷን ትደፋለች።

እንዲህ እያለን ባለፈው ዓመት የውሃው ሰው ሚስት መጣች። በመስኮት ሳያት ጉድ ፈላ አልኩ። ሚዛን ሮጣ እኔ ክፍል ገባችና ከመደርደሪያ ጀርባ ቆመች። የለችም በላት አለችኝ። ወጥቼ የለችም አልኩ። ሴትዮዋ ቀጭን ናት፣ ፀሐይ ያከሰላት፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ።

"እስክትመጣ እጠብቃለሁ ጋሼ" ብላ ወንበር ሳበች።

ስንጫወት ነገሩ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ የባሏን ሥራ ለእሷ ሰጥቷት ኖሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን መስመር በእግሯ ስትወጣና ስትወርድ ጉልበቷ አለቀ። አሁን ብስክሌት ሊገዙላት ፈቅደዋል፣ ምረጪ ብለዋታል። የምትፈልገውንም ቆርጣ ነው የመጣችው፦ ሚዳቋ ስታንዳርድ፣ ልክ የእሱን ዓይነት።

ይህን ጊዜ ሚዛን ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣች። የእሱን ዓይነትማ አልሸጥልሽም አለቻት፤ ጎሹን ትወስጃለሽ፣ ፉል ኦፕሽኑን፣ ሌላ ወሬ የለም። ሴትዮዋ ለምን ብላ ጠየቀች። ሚዛን እጇን ይዛ ወደ ጥጉ ወሰደቻት፣ ጨርቁን ገለጠችና ያችን ቀለበት አሳየቻት። ምን ማለት እንደሆነችም ነገረቻት። ጌጥ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ ወፍራሙ አሞርዛተር ቢኖረው ይተርፍ ነበር፣ ባልሽን የገደልኩት እኔ ነኝ አለቻት። እያለቀሰች አልነበረም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ሴትዮዋ ቀለበቷን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ወደ ሚዛን ዞረች።

"እህቴ፣ እዚህ ከማምጣቴ በፊት እኮ አጥቤዋለሁ። በጨርቅ ወለወልኩት። ይህችን ጎማ ወደ ላይ የገፋኋት እኔ ነኝ።"

ሚዛን መሬት ላይ ቁጭ አለች። አራት ዓመት ያየችው የእርጥብ ጨርቅ ሥራ ነበር ማለት ነው። ቀለበቷ በእውነት የት ቆማ እንደነበር ከእንግዲህ ማንም አያውቅም። ሚዛን ጥፋተኛም ነጻም ሳትሆን ቀረች፤ እንዲያም ሆኖ ትንፋሿ ሲመለስ በጆሮዬ ሰማሁት።

ቀጥለው ምርጫ ገቡ። መስመሩ ላይ አራት የተቆለፉ የብረት አጥሮች አሉ፣ ብስክሌቱን ከፍ አድርጎ ማሳለፍ ግድ ነው። ሚዛን ከኋላ ያለው እቃ ማውረጃ ደረጃ ጋ ወሰደቻትና ጎሽ ፉል ኦፕሽኑን አንሺ አለቻት። ሴትዮዋ ታገለች፣ ፊቷ ቀላ፣ ከጉልበቷ በላይ አልሄደላትም። ትልቁ ባትሪ አልቀመስ አላት። ሚዳቋ ፉል ኦፕሽኑን ሞከረች፣ እሱም ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። መካከለኛውን አንስታ መልሳ ጣለችው፤ የእኔን አውራ ጣት ለጥቂት ሳተው። ስታንዳርዱን አነሳችና ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

ሚዛን ከነቦርሳዋ ኮርቻው ላይ አስቀመጠቻት። "ስልሳ አንድ" አለች፣ ወርዳ ስትመዘን ሚዛኑም ስልሳ አንድ አለ። ለስልሳ አንድ ኪሎ ቀጭኑ አሞርዛተር ልክ ነው፣ ፍሬኑም ልክ ነው። ለዚህች ሴት ትክክለኛው ብስክሌት ያው የባሏ ብስክሌት ነበር። እኔም ገባኝ፣ ሚዛንም ገባት፣ አንደበቷ ግን ተሳሰረ። በሕልሟ አፏን ከፍታ ድምፅ የሚጠፋባት እንዲህ ነው መሰለኝ። ከባዱን ብትሸጥላት ፈሪ ናት የሚላት የለም። ሴትዮዋ ግን አጥር ሥር ስትታገል ትውላለች፣ አንድ ቀንም ላይዋ ላይ ይወድቅባታል።

"ስታንዳርዱ ይበቃሻል" አለች በመጨረሻ። ድምጿ የሷ አይመስልም ነበር።

አንድ ነገር አስገደደቻት ግን፦ በየዓርቡ ሥራ ስትጨርሺ እዚህ ታመጪዋለሽ፣ እኔ አየዋለሁ። ሴትዮዋ እሺ አለች። እውነትም በየዓርቡ ትመጣለች። ሚዛን ሰላም ከማለቷ በፊት ጎንበስ ብላ ቀለበቷን ታያለች። ቀለበቷ ሁልጊዜ መሃል ናት። ከዚያ ሁለቱ ሻይ ይጠጣሉ። ሚዛን መክራ የምትሸጥ ሴት ሆና ተመለሰች። ለአስተማሪው ስታንዳርድ ሸጠችለት፣ ፎቶዋ ከግድግዳ ወረደ፣ ሳቋም መጣ። ጠዋት ጠዋት እኔ ክፍል መግባት ተወች። ሕልሙም ቆሟል አለችኝ።

እዚህ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት።

የእኔ ክፍል መስኮት የጎን መንገዱን ያሳያል። ከሁለት ወር በፊት፣ ዓርብ፣ ሴትዮዋ ስትመጣ አየኋት። ከሱቁ በር ሃያ እርምጃ ሲቀራት የመብራት ምሰሶው ሥር ቆመች። ጎንበስ አለችና በአውራ ጣቷ ቀለበቷን ወደ ታች ገፋቻት፣ መሃል ድረስ። ከዚያ ፊቷን በመሐረብ ጠርጋ ፈገግ ብላ ገባች።

ሻይ ሲጠጡ ወጥቼ ብስክሌቱን አየሁት። ቀለበቷ ብትወርድም የአቧራው መስመር ብረቱ ላይ ቀርቷል። መስመሩ ጫፍ ነው፣ አንድ ጣት እንኳ አልቀረውም። ወደ ክፍሌ ተመለስኩና ለመጀመሪያ ጊዜ የዚያን የተሰቀለ ብስክሌት ጨርቅ በኋላ በኩል ገለጥኩ። ሚዛን ስታየው የኖረችው ፊቱን ብቻ ነው። ካቴናው፣ የኋላ ጎማው፣ ፔዳሉ፣ ሁሉም ላይ የአምስት ዓመት ደረቅ ጭቃ አለ። አጥቤዋለሁ ትበል እንጂ ውሃ የነካው ብስክሌት አይደለም። ከነጭቃው ተቀብዬ የሰቀልኩት እኔ ራሴ ነበርኩ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ረስቼው ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ምሰሶው ሥር ቆሜ ጠበቅኳት። ስታየኝ ደነገጠች፣ ቶሎ ግን ተረጋጋች።

"ቀስ ብለሽ ውረጂ ልጄ" አልኳት።

"ምን አዩ ጋሼ?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ምንም አላዩም" አለች። ወደ ሱቁ በር አየች። "እሷ ትተኛ። የእሷ አለመተኛት እሱን አይመልስልኝም።"

ያ ባልሽ የወደቀበት ኩርባ ግን፣ አልኳት። አውቀዋለሁ አለችኝ። እዚያ ስትደርስ እጇ ፍሬኑን መያዝ እምቢ ይላታል፤ ከፊቷ ሰው እየወረደ የሚያፏጭ ይመስላታል፣ ልትደርስበት ትሞክራለች። ይህን ስትነግረኝ ቀለበቷን በአውራ ጣቷ ወደ መሃል እየመለሰች ነበር።

ለሚዛን ብነግራት ያቺ ሴት ያመጣችላትን እንቅልፍ መልሼ መንጠቄ ነው፤ ይህኛውንም ብስክሌት ይበቃሻል ያለችው እሷ ናት። ዝም ብል ደግሞ ሴትዮዋ እዚያ ኩርባ ላይ ናት። ሆድ ይፍጀው ይላሉ፣ እየፈጀኝ ነው። ያገኘሁት መላ አንድ ብቻ ነው፦ ሁለቱ ሻይ ሲጠጡ መንፊያዬን ደብቄ እወጣና ጠንከር ብሎ ምቱን እንዲችልላት አሞርዛተሩ ውስጥ ትንሽ አየር እጨምራለሁ። ትንሽ ብቻ፣ ሚዛን ስትጫነው እንዳታውቅ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ሚዛን ውስጥ ሆና ከደንበኛ ጋር ትሳሳቃለች። ሌላ ዓርብ ሴትዮዋ በዚህ ሰዓት ደርሳ ነበር። መንፊያውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ፣ ምሰሶውን እያየሁ።