የማን ስንዝር?

ሌባ ተብዬ አላውቅም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው ትምህርት ያቋረጥኩት፤ የማላውቀው ነገር ብዙ ነው። የሰው ነገር ግን ነክቼ አላውቅም። ስለዚህ ልጄ ስልኳን ይዛ መጥታ «እማ፣ አትቆጪ እሺ?» ስትለኝ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም።

ስፌት እሰፋለሁ። ሌማት፣ ሙዳይ፣ ሰፌድ። ድሮ በገበያ ቀን ሰርቦ ወስጄ እሸጥ ነበር፤ የተረፈኝን እዚሁ ጅማ መርካቶ ለሚቸረችሩ ሴቶች እሰጣለሁ። «ፎቶ አንስተን ስልክ ላይ እንሽጠው» ያለችኝ ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምትማረው ልጄ ናት። ብዙ ወር እምቢ አልኳት። ማን እንደሚያየው አይታወቅም፤ ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ፣ አጭበርባሪ አለ። በመጨረሻ እሺ ያልኩት ፊቴም እጄም እንዳይታይ አስምዬ ነው። ስፌቱ ብቻ። እጄማ ወስፌ የበላው፣ ከቀለም ብዛት ጥፍሩ የቀላ እጅ ነው፤ ለማን ይታያል?

ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት ለምትድራት ልጇ የምትሰጠው ባለ ክዳን ሌማት አዘዘች። ልጄ «ስፋቱን ጠይቃለች» ስትለኝ ፎቶው ላይ ያለውን ሌማት በእጄ ለክቼ «ሦስት ስንዝር በያት» አልኳት። ቤቴ ውስጥ ሜትር ኖሮ አያውቅም። ሁለት ወር ሰፋሁት። የክዳኑን ቀይና አረንጓዴ ሦስቴ ፈትቼ ሠራሁ፤ የሙሽራ ነዋ። በአውቶቡስ ላክን።

በሳምንቱ ልጄ ያሳየችኝ ፎቶ የዚሁ ሌማት ነው። ላዩ ላይ ረጃጅም ጣት ያለው፣ ጥፍሩ የተቀባ የሴት እጅ ተዘርግቷል። ከሥሩ ያለውን ቀስ እያልኩ አነበብኩት። «እህቶቼ ተጠንቀቁ! ሦስት ስንዝር ብላ ሁለት ተኩል ላከችልኝ። እንጀራ አይገባበትም። የጅማ ሌባ!» ከዚያ የሰው ሳቅ። አንዱ «ግማሹን ስንዝር መንገድ ላይ አይጥ በልቶት ይሆናል» ይላል። ሌላዋ «እዚያ አገር የሚለካው በሕፃን እጅ ነው እንዴ?» ትላለች።

ልጄ ታለቅሳለች። የክፍሏ ልጆች አይተውታል። እኔ አላለቀስኩም።

«ደውይላት።»

«ተይ እማ፣ ይባስ ትጽፋለች።»

«ደውይ ብዬሻለሁ!»

ሴትየዋ አነሳችው። «ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ሌባዋ ነኝ» አልኳት።

«ሴትዮ፣ ጠብ አልፈልግም። ሦስት ስንዝር አላላችሁም?»

«ብያለሁ። ሦስት ስንዝር ነው።»

«ለካሁት እኮ!»

«በማን እጅ?»

«በእጄ ነዋ! ስንዝር ስንዝር ነው፤ የሰው ስንዝር።»

«እኔስ የምን ነኝ?»

«እስቲ እጅሽን አሳይኝ! እንዲህ ያለ ትንሽ እጅ ካለ ልየው» ብላ ዘጋችብኝ።

በእሷ የተናደድኩትን ያህል በራሴም ተናደድኩ። ገበያ ላይ እኮ የሚለካው የገዢ እጅ ነው። ሰርቦ ላይ ሴቶቹ ሌማቱን ያነሳሉ፣ እጃቸውን ይዘረጉበታል፣ «አነሰ» ብለው ይተውታል። ጨርቅ በክንድ የሚገዛ ሰው ክንደ ረጅም ወንድሙን ይዞ ይመጣል፤ ባለ ሱቁ አውቆ ይስቃል እንጂ ሌባ አይለውም። ስልክ ላይ ግን ገዢ እጇን አትዘረጋም። ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጥፋት ነው፤ አምናለሁ። ጥፋትና ሌብነትን ለመለየት ግን ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ደውላ «እናቴ፣ አነሰብኝ» ብትለኝ ጠርዙን ፈትቼ ዙር እጨምርላት ነበር።

ነገሩ ከስልክ ወጥቶ ሰፈር ገባ። መርካቶ የስፌቱን ሣር፣ አክርማ፣ የምትሸጥልኝ ሴት ገና ስታየኝ «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ሰው በስልክ የሚሰድብሽ?» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጠችው «ስንዝሯ አጥሮ ነዋ!» ብላ ሳቀች። አክርማውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ልጄን «አንሺኝ» አልኳት።

«ምንሽን?»

«እጄን።»

ሰፌድ ላይ ዘረጋሁት። ከጎረቤት ልብስ ሰፊ የተዋስነውን ሜትር አጠገቡ አደረግን። የተሰነጠቀው አውራ ጣቴም የቀላው ጥፍሬም ታየ።

«ፊትሽንም ላንሳ?»

«ፊቴ ምን አጠፋ!»

ከሥሩ እንዲህ አስጽፌያት ለሴትየዋ ላክን፦ «የሰፋው እጅ ይህ ነው። ስንዝሩ ይህን ያህል ነው። ሌማቱን ይላኩልኝ፤ በእርስዎ ስንዝር ልክ እስኪሆን እጨምርበታለሁ። ሌባ ያሉኝን ግን እዚያው በጻፉበት ቦታ ያንሱ።»

ሌማቱ ተመልሶ መጣ። ጠርዙን ፈታሁ፣ ዙር ጨመርኩ፣ መልሼ ላክሁ። በደረሰ ማግስት ስድቡ ከገጿ ጠፋ። ልጄ ደስ ብሏት «አለቀ እማ፣ አጠፋችው» አለችኝ።

ምኑ ነው ያለቀው? ያነበቡት ሰዎች የት ሄዱ? ሌባ ስትለኝ በሰው ሁሉ ፊት ነበር፤ ስታጠፋው ማንም አላየ። «ሌባ አይደለችም ብላ ትጻፍ በያት። ሁለት ቃል ናት» አልኩ። ልጄ ላከችላት። ሴትየዋ አይታዋለች፤ ማየቷን የሚናገር ምልክት አለው፣ ልጄ አሳይታኛለች። አልመለሰችም። በማግስቱ አስላክሁ። በሳልስቱም። ልጄ «በአላህ ተያት እማ» ትለኛለች። ዛሬ ጠዋትም አስልኬያለሁ።