ያለ ጎረቤት በር የማይከፍተው ወንድሜ

ወንድሜን ሌባ ያለ ሰው እስቲ እኔ ፊት ይድገመው።

ወንድሜ ቁልፍ ሠሪ ነው። የሱ ሱቅና የኔ ልብስ ስፌት ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እኔ ስፌት መኪናዬን ስረግጥ የሱ ሞረድ ከወዲያ ሲፋጭ ይሰማኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ ያ ሞረድ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ሠፈሩ «ጋሽ ክፈተው» ይለዋል። ቁልፍ የጠፋበት፣ ቁልፉ ውስጥ ተሰብሮ የቀረበት፣ ሕፃን ልጁ ከውስጥ ቀርቅሮ ያስጨነቀው ሁሉ «ጋሽ ክፈተውን ጥሩልኝ» ይላል። እሱ ደግሞ ወሬ አይሆንለትም። ሰው ነግሮት ሳይጨርስ «እሺ» ብሎ መሣሪያውን አንጠልጥሎ ይነሣል። ይሄ «እሺ» ነው ኋላ ጉድ ያፈላብን።

አንድ ዓመል ግን አለው። ጎረቤት ሳይቆም በር አይከፍትም። ቤቱ የኔ ነው ያለውን ሰው ደጅ ያቆመውና ወዲያኛው ቤት አንኳክቶ ሰው ይጠራል። «ይህን ሰው ያውቁታል? ቤቱ ነው?» ይላል። አዎ ካሉት ይከፍታል፤ ካላሉት ቢለምኑትም ቢሰድቡትም መሣሪያውን ሰብስቦ ይመለሳል። ከከፈተም በኋላ ደፉን አይሻገርም። እኔ ስንቴ ስቄበታለሁ። «ጋሼ፣ አንተ በር ከፋች ነህ ወይስ ምስክር ሰብሳቢ?» እለው ነበር።

የዚያን ቀንም እንደ ዓመሉ አደረገ። ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ ይዞት ሄደ። ጎረቤትየዋ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ እንደያዘች ብቅ አለችና «ውይ፣ አባወራው አይደል እንዴ፣ ክፈትለት» አለችው። ከፈተለት፣ የእጁን ዋጋ ተቀበለ፣ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሚስትየው ግን ከሰውየው ከተፋታች ከርማለች፤ ቤቱም ለሷ ተፈርዶላታል። ጎረቤትየዋ ይህን አልሰማችም። ባለ ሱፉ ወርቋንም ቴሌቪዥኗንም ጭኖ እብስ አለ።

ፖሊሶች መጥተው ጎረቤትየዋን «በሩን ማን ከፈተው?» አሏት። «ቁልፍ ሠሪው» አለች። በቃ። ወንድሜን ሠፈር እያየው ከነመሣሪያው አንሥተው ወሰዱት።

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። ባለ ሱፉም ተይዟል፤ ግን ገና ቃሉን ሳይሰጥ ጠበቃው ደረሰለት፣ ዋስ ጠርቶ ቤቱ ገባ። ሰርቋል የተባለው ሰውዬ አልጋው ላይ ይተኛል፣ ሞያውን የሠራው ወንድሜ ማረፊያ ቤት ሲሚንቶ ላይ። ጠበቃ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው አልነበረም።

ችሎት የቀረበ ዕለት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን አነበበ። ማንበብ ከተባለ። «ተከሳሽ ግብረ አበር በመሆን የመኖሪያ ቤት መዝጊያ ከፍቶ ለስርቆት ወንጀል አፈጻጸም ምቹ ሁኔታ በመፍጠሩ» እያለ አንበለበለው። እኔ እንኳ «መዝጊያ ከፍቶ» ከምትለው በቀር የጨበጥኩት የለም። ዳኛው ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ «ክሱ ገብቶሃል?» አሉ።

«እሺ» አለ ወንድሜ።

«ድርጊቱን ፈጽመሃል አልፈጸምክም?»

«ፈጽሜያለሁ። እኔ ነኝ የከፈትኩት።» ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው ደግሞ የተናገረው። የከፈተውን በር አልከፈትኩም ብሎ አያውቅማ።

ተከሳሹ አምኗል፣ ምስክር መስማት አያስፈልግም፣ ለፍርድ ተቀጥሯል ተባለ። ብድግ ብዬ «ኧረ ያመነው በሩን ነው» ስል ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ቁጭ በይ ብሎ ገላመጠኝ።

ማረፊያ ቤት ሄጄ በፍርግርጉ በኩል «ጋሼ፣ ምን ነካህ?» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ? ከፍተሃል አሉኝ፣ አዎ አልኩ። ልዋሽ ነበር?»

«ከሌባው ጋር ተማክሬያለሁ እኮ ነው ያልከው። በዚህ ቃልህ የዓመታት እስር ይፈርዱብሃል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ? መቼ አልኩ?» አለ። ያን የመሰለ ሰው እንደ ሕፃን ሲርበተበት ማየት አቃተኝና ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

አቅም ለሌለው መንግሥት ጠበቃ እንደሚያቆም የነገረኝ ማን ይመስላችኋል? ዳኛው እንዳይመስላችሁ። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ አባት ናቸው። እንባዬን ሲያዩ «ምነው ልጄ» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። «ተከላካይ ጠበቃ አለ አይደል እንዴ፣ ግቢና ጠይቂ፣ መብቱ ነው» አሉ። መብቱ ከሆነ ምነው ታዲያ ከአጥር ውጪ ነው የሚነገረው?

የተመደበችልን ጠበቃ ልጅ እግር ናት፤ ከተቆለለው መዝገብ ጀርባ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው። ገና ሳያት ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሷ ግን ወንድሜ ፊት ወንበር ስባ ተቀመጠችና «በር ሲከፍቱ እንዴት ነው የሚሠሩት? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለችው። እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቀው አልነበረም። ዘረዘረላት። ጎረቤትየዋ ጋ ሲደርስ መጻፏን አቆመች።

«ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«ሁልጊዜ የማደርገው ነዋ» አለ ወንድሜ። «ይሄም ይወራል እንዴ?»

በቀጠሮው ቀን ተነሥታ «በሩን መክፈቱን እንጂ ጥፋቱን አላመነም፤ ቃሉ እንደ ክህደት ተመዝግቦ ምስክር ይሰማ» ብላ ተከራከረች። ዐቃቤ ሕጉ አይሆንም አለ። ዳኛው መዝገቡን አገላብጠው አገላብጠው ይሰማ አሉ። ሐቁን ልናገር፣ ያን ጊዜ ልመርቃቸው ምንም አልቀረኝም።

ጎረቤትየዋ የመጣችው በወንድሜ ላይ ልትመሰክር ነው። ጠበቃዋ «ከመክፈቱ በፊት እርስዎን ምን አለዎት?» ብላ ጠየቀቻት።

«ይህን ሰው ያውቁታል ወይ አለኝ። አባወራው ነው፣ ክፈትለት ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ለፖሊስ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ከፈተው አሉኝ እንጂ ማን ክፈት አለው ብለው መች ጠየቁኝ?»

አንዲት ጥያቄ። አንዲት ጥያቄ ጠፍታ ነው ወንድሜ ሲሚንቶ ላይ የከረመው፣ ሱቁ ተቆልፎ የቆየው፣ የማያውቀው ሁሉ ሌባ ያለው።

በነፃ ይሰናበት ተባለ። እኔ እልል ልበል ስል ወንድሜ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። «ክቡር ዳኛ፣ የመጀመሪያው ቀን የጠየቁኝ ምን ነበር?» አላቸው።

ዳኛው መዝገቡን መልሰው ገለጡት። «ሰውየው ሊሰርቅ መሆኑን እያወቅህ፣ ከሱ ጋር ተስማምተህ ነው ወይ የከፈትከው፣ ነው ያልንህ።»

«እንዲህ ነበር እንዴ?» አለ ወንድሜ። «እንዲህ ቢሉኝማ ያኔውኑ አይደለም እል ነበር።»

ቀጣዩ መዝገብ ተጠራ። ሻሽ ያሰረች ሴት ብቻዋን መጥታ ወንድሜ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመች። ዐቃቤ ሕጉ እንደ ልማዱ ማንበልበል ጀመረ፤ እሷም በየመሐሉ ራሷን ትነቀንቃለች። አላስችል አለኝ።

«እህቴ፣ ካልገባሽ አልገባኝም በይ» አልኳት፣ ችሎቱ ሁሉ እስኪሰማ።

ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ክንዴን ይዞ እየጎተተ አስወጣኝ። በሩን ሊዘጋብኝ ሲል ከውስጥ የሴትየዋ ድምፅ ተሰማኝ። «አልገባኝም» አለች።