«ማን ልበል?» የሚለው ፕሮግራሜ

«አንቺን ማስተማር ቀርቶ ማስቀመጥ እንኳን አቃተኝ» አለችኝ አለቃዬ ፊት ለፊት። እውነቷን ነው። ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ ፎቅ ላይ ባለችው አንድ ክፍል ቢሯችን፣ ወንበሬ ላይ ከምቆይበት ጊዜ መስኮቱ ላይ የምቆይበት ይበልጣል። ግን የሙከራ ጊዜዬ ሐሙስ ሊያልቅ ነው። ወደ ድሬዳዋ ለሚሄዱ ሚኒባሶች ወንበር በስልክ የሚያስይዝ ፕሮግራም ጽፌ የባለ ሚኒባሶቹ ማኅበር ሰብሳቢ ፊት ካሠራሁት እቀጠራለሁ። ካልሆነ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ልጅ እሆናለሁ፤ ሰፈራችን ሞልተዋል።

ችግሩ ሁለት ሰው አንድ ወንበር በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ነው። የድሮው ፕሮግራም ለሁለቱም ይሰጥና መናኸሪያ ላይ ጠብ ይነሣል። አለቃዬ መፍትሔው «አክተር» ነው አለች። አክተር እንደ ገባኝ፣ ማለትም እንዳልገባኝ፣ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ነው። መዝገቡን ማንም ገብቶ አይነካበትም። የምትፈልጊውን ጽፈሽ በበሩ ሥር ታስገቢለታለሽ፤ እሱ የያዘውን ወረቀት ሳይጨርስ ሌላ አያነሣም።

«ሁሉም በሩን ዘግቶ ከተቀመጠ ሥራው እንዴት በአንድ ጊዜ ይሄዳል?» አልኳት።

«ክፍሉ ብዙ ነዋ!»

«አንዱ ክፍል ውስጥ ግን በተራ ነው?»

«በተራ ነው።»

«እና ምኑ ነው በአንድ ጊዜ?»

«ያ ረቢ! ጻፊው፣ ይገባሻል።»

ጻፍኩት። አንዱን አክተር ስልክ ተቀባይ፣ ሌላውን መኪና አደረግኩ። ተቀባዩ «ሦስተኛው ወንበር ባዶ ነው?» ብሎ ይልክና መልሱን ይጠብቃል። መኪናው ግን ዝም ብሎ እንዲመልስ አልፈለግኩም። እኛ ቤት ስልክ ሲደወል «ማን ልበል?» ሳይባል አለች የለችም አይባልም፤ ቆንጥጠው ነው ያስተማሩኝ። ስለዚህ መኪናውም መጀመሪያ «ማን ልበል?» ብሎ ወደ ተቀባዩ ይልካል፤ ስሙ እስኪመጣለትም ቁጭ ይላል።

ፕሮግራሙ ተነሣ። ቆመ። ስሕተት የሚል ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ምን የለ። ላፕቶፑ ደክሞት ነው ብዬ አጥፍቼ አስነሣሁት። ተቀባይ አንሶት ነው ብዬ አምስት አደረግኳቸው። ከመኪናው ጋር ስድስቱም ቆሙ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ።

ሐሙስ ጠዋት ንድድ ብሎኝ «ማን ልበል?»ን ሰረዝኩትና ተቀባዩ ስሙን ከጥያቄው ጋር አብሮ እንዲልክ አደረግኩ። ወዲያው ሠራ። ያው ጥያቄ፣ ያው ስም! ለምን እንደሠራ እንጃ።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሐጂ፣ መጡ። በእሳቸው ስልክና በአለቃዬ ስልክ ሦስተኛውን ወንበር አንድ ላይ ጠየቅን። ለእሳቸው ተያዘ፤ የእሷ «ሌላ ይምረጡ» አለ።

«ማሻአላህ! አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ ሐጂ።»

አለቃዬ አልሳቀችም። «እስከ ትናንት ለምን ይቆም ነበር?» አለችኝ።

«ጨዋ ስለነበረ።»

ሐጂ ሳቁ።

«አልቀለድኩም። መኪናው ስም ይጠይቅ ነበር፤ ባለጌ ሳደርገው ሠራ።»

«ስሙን የተጠየቀው ተቀባይ ለምን አልመለሰም ታዲያ? ወረቀቱ በሩ ሥር ደርሶት የለ?»

አሰብኩ። ደርሶታል። የገዛ ስሙን ነው የተጠየቀው፤ አያጣውም።

«እንጃ» አልኩ።

«ያን ጊዜ ምን እየሠራ ነው?»

«ምንም! መልስ እየጠበቀ ነው።»

«እየጠበቀ» ብላ ደገመችው፤ «የያዘውን ወረቀት ሳይጨርስ።»

 

«አዎ፣ እየጠበቀ። ሥራ ፈት ነው። ለምን አያነሣውም?»

ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «ሰው ያልገባውን ነገር ሠራ ብዬ አላስረክብም።»

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ ሐጂ። «ሠራ አይደል እንዴ?»

«ሐጂ፣ ነገ መናኸሪያው ሞልቶ ፕሮግራሙ ቀጥ ሲል ይቺ ናት የምታስነሣልዎት?»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ታስነሺዋለሽ?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

«እንግዲያው ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለች አለቃዬ ቀስ ብላ።

ላፕቶፑ የቢሮው ነው፤ ዘጋሁት። የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሐጂን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ሻርፔን አንሥቼ ደረጃውን ወረድኩና ወደ ቤቴ፣ የፈላና በርን መንገድ ያዝኩ።