የረከሰው ካፖርት

በደርግ ዘመን ደባርቅ ሳስተምር የምገዛው ያገለገለ ልብስ ብቻ ነበር፤ የምከራከረውም ገበያው ሊበተን ሲል ነው። ከዳባት የመጡ አንዲት እናት የልጃቸውን ካፖርት ሲሸጡ አግኝቼ፣ ይረክሳል ብዬ ሦስት ገበያ ታገሥሁ። «መምህር፣ ብርዱ እስኪያልፍ ሊጠብቁ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በአራተኛው ገበያ ዋጋውን በግማሽ ቀነሱልኝ። ምነው ብላቸው፣ «ጎንደር ለታሰረው ልጄ ስንቅ መግዣ ነበር። አሁን ዘበኛው ከእንግዲህ አታምጪ ብሎ መለሰኝ» አሉ። ይህ ቃል እስረኛው ተገድሏል ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም።

የመጀመሪያውን ዋጋ ሳልቀንስ እንደ ከፈልኋቸው ለዓመታት አምኜ ኖሬአለሁ። ነገር ግን ለዚያው ለመጀመሪያው ዋጋ የሚበቃ ገንዘብ ብቻ ይዤ ወጥቼ፣ ያን ዕለት ያገለገለ ጫማም ገዝቼ መመለሴ ትዝ ይለኛል።